ባለቤት በሚለው ላይ የማንን ስም ጻፍሽ?

ቆይ፣ ቆይ ሚጣ፤ ያንን ገጽ አትለፊው። ወደ ላይ መልሺልኝ። እዚህ "የምልክቱ ባለቤት" የሚለው ላይ የማንን ስም ነው ያስገባሽው? የዚያን አሜሪካ ውስጥ የሚያከፋፍልልሽን የሜሪላንዱን ሰውዬ?

"እሱ እዚያው ስላለ በሱ ስም ቢገባ ይቀላል አለኝ እኮ፣ እትዬ" ትይኛለሽ። ይቀላል እንጂ! ለሱማ በጣም ነው የሚቀለው። እጅሽን ከኪቦርዱ ላይ አንሺና ቡናሽን ጠጪ፤ ቀዝቅዟል። የአያታችንን ስም ከረጢት ላይ ላወጣ ነው ብለሽ ከተነሣሽ ጀምሮ ያላስጨነቀሽ ነገር የለም፤ የአቆላሉ ቀለም፣ የከረጢቱ ዚፕ፣ የሽሮው ልመት፣ ፎቶው። ይቺ አንዲት መስመር ግን እንደ ቀልድ ልታልፍሽ ነበር።

እኔ ይህን ከየት እንደተማርኩት ትንሽ ትንሽ ሰምተሻል። ሙሉውን ነግሬሽ አላውቅም፤ ያሳፍረኛል።

በርበሬ ወደ ዐረብ አገር እልክ በነበረ ጊዜ አንድ አከፋፋይ ነበረኝ። ክፉ ሰው አልነበረም። አራት ዓመት አብረን ሠራን፤ ለበዓል ይደውላል፣ ለእማዬ መታከሚያ ቀድሞ ከፍሎኝ ያውቃል። "ስሙን እዚህ ላስመዝግብልሽ፣ ሌላ ሰው እንዳይወስድብሽ" ሲለኝ መርቄዋለሁ። በአምስተኛው ዓመት በዋጋ ተጣላን። ሌላ ገዢ አገኘሁና ዕቃዬን ጫንኩ። ወደብ ሲደርስ ተያዘ። ምን ተብሎ? ሐሰተኛ ምልክት የተለጠፈበት ዕቃ ተብሎ! እኔ መርጬ የገዛሁት፣ እማዬ ግቢ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ የደረቀ፣ በምጥን ቅመሙ የታወቀ በርበሬ በሕግ ፊት ሐሰተኛ በርበሬ ሆነ። እውነተኛው የሰውዬው ነው፤ መዝገቡ ላይ ያለው እሱ ነዋ። ጮህኩ፣ አለቀስኩ፣ የአራት ዓመት ኢንቮይስ ላክሁ። ስልክ ያነሣልኝ የጉምሩክ ሠራተኛ ጨዋ ነበር፤ እሱ የሚያየው መዝገቡን ብቻ እንደሆነ ደጋግሞ አስረዳኝ። የወደቡ ኪራይ በየቀኑ ይቆጥራል። በመጨረሻ ሠራተኛ ቀጥሬ ከረጢቱን በሙሉ በነጭ ከረጢት አስቀየርኩና ያለ ስም ሸጥኩት። ትርፉን አትጠይቂኝ።

ብዙ ሌሊት ያብሰለሰለኝ ገንዘቡ አይደለም። የጉምሩክ ሠራተኛ፣ ቀረጥ የሚሰበስብ ሰው፣ በበርበሬ ስም ላይ ዳኛ የሆነው እንዴት ነው? ይህን ለማወቅ ስል ነው እንግዲህ ያነበብኩትን ሁሉ ያነበብኩት። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምቆጥርልሽ፤ ነገሩ የነሱ ነውና።

ስለ ፈጠራ፣ ስለ ድርሰት፣ ስለ ንግድ ምልክት ዓለም አቀፍ ስምምነት ድሮም ነበረ። የፓሪሱ በ1883፣ የበርኑ በ1886 የተፈረሙ ናቸው። ጥርስ ግን አልነበራቸውም። አንድ አገር ቃሉን ቢያጥፍ ከወቀሳ ያለፈ አይደርስበትም። በ1980ዎቹ የአሜሪካ ትልልቅ ኩባንያዎች፣ የፋይዘሩ ሊቀ መንበር ኤድመንድ ፕራት ከፊት ከፊት እየሄደ፣ አንድ ብልሃት አመጡ፤ ነገሩ ከአእምሯዊ ንብረት ባለሙያዎች እጅ ወጥቶ ለንግድ ተደራዳሪዎች ይሰጥ አሉ። "መድኃኒቴን፣ ፊልሜን፣ ስሜን ካልጠበቅህልኝ ብረትህንና ጨርቅህን አልገዛህም" ለማለት ነው። ድርድሩ በ1986 ኡሩጓይ ላይ ተጀመረ፤ በሚያዝያ 1994 ማራካሽ ላይ ተፈረመ። በጥር 1995 የዓለም ንግድ ድርጅት ሥራ ሲጀምር ትሪፕስ የሚባለው የአእምሯዊ ንብረት ስምምነት አብሮት ቆመ።

አሜሪካኖቹ ደግሞ እሱን ሳይጠብቁ በ1988 የራሳቸውን አርጩሜ ቆርጠው ነበር። ስፔሻል 301 ይሉታል። የንግድ ተወካያቸው ጽሕፈት ቤት በየዓመቱ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሚያዝያ መጨረሻ ላይ፣ የአገሮችን ስም ዝርዝር ያወጣል፤ እገሌ በክትትል፣ እገሌ በጥብቅ ክትትል፣ እገሌ ደግሞ ከሁሉም የባሰ እያለ። ልክ እንደ ክፍል አለቃ ስም ጻፊ። ቀልድ እንዳይመስልሽ ግን፤ ዩክሬንን ጠይቂ። በ2001 "ከሁሉም የባሰ" የሚለው ውስጥ ገባች፤ ጥፋቷ ፋብሪካዎቿ ያለ ፈቃድ ሲዲ ማባዛታቸው ነው። በዚያው ዓመት የነበራት የቀረጥ ቅናሽ ታገደ። በጥር 2002 ደግሞ 75 ሚሊዮን ዶላር የሚገመት ዕቃዋ ላይ ከባድ ቀረጥ ተጫነ። ቅጣቱ የወደቀው ሲዲ አባዢው ላይ መሰለሽ? ብረት አቅልጦ የሚሸጠው ላይ፣ ጫማ ሰፊው ላይ ነው። ቀረጡ እስኪነሣ 2005 ደረሰ። ይህን ሳነብ ያ ጫማ ሰፊ ፊቴ ላይ ድቅን ይልብኛል፤ በሰው ዘፈን ምክንያት ደንበኛውን ያጣ።

የኔን በርበሬ የያዘው ግን ስፔሻል 301 አይደለም፤ ትሪፕስ ውስጥ ያለ፣ ብዙ ሰው የማያነበው ክፍል ነው። ከአንቀጽ 51 ጀምሮ የድንበር እርምጃ የሚባል አለ። የተመዘገበ ምልክት ያለው ሰው "ይህ የሚገባው ዕቃ ምልክቴን አስመስሎ የሠራ ነው" ብሎ ሲያመለክት ጉምሩክ ዕቃውን የሚያግድበት መንገድ ሊኖር ይገባል ይላል። አመልካቹ መያዣ ገንዘብ ሊጠየቅ ይችላል፤ እንዲሁ በምቀኝነት የሰው ዕቃ እንዳያስይዝ። ከታገደ በኋላ 10 የሥራ ቀን አለው። በዚያ ጊዜ ክስ ካልመሠረተ ዕቃው ይለቀቃል፤ ጊዜው ግን በሌላ 10 ቀን ሊራዘም ይችላል። ሃያ የሥራ ቀን ለነሱ ምንም አይደለም። ኮንቴይነሯ ወደብ ላይ ለተገተረች ሴት ግን ምን ማለት እንደሆነ እኔ አውቃለሁ።

"ኢትዮጵያ የዓለም ንግድ ድርጅት አባል መቼ ሆነችና?" ልትይኝ ነው። አባልነት የጠየቀችው በ2003 ነው፤ ድርድሩ ከሃያ ዓመት በላይ ፈጅቷል። አንቺን ግን የሚገዛሽ የምትገቢበት ቤት ደንብ ነው። ዕቃሽ ባልቲሞር ወደብ ከደረሰ የባልቲሞር ደንብ ይጠብቀዋል። እዚህ አዲስ አበባ፣ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ሄደሽ ያወጣሽው ምስክር ወረቀት ጥሩ ነው፤ በአዋጅ 501/1998 (ይህ ዓመት እንኳ በኛ አቆጣጠር ነው) መሠረት ለ7 ዓመት ይጠብቅሻል። ከድንበር ማዶ ግን የሚያምር ወረቀት ከመሆን አያልፍም። የንግድ ምልክት ቪዛ የሚያስፈልገው ፍጥረት ነው፤ በየአገሩ ለብቻው።

ተስፋ ላስቆርጥሽ አይደለም ይህን ሁሉ የምለፈልፈው። ደንቡን ያወጡት ለራሳቸው ጥቅም ነው፤ ይህን መካድ ሞኝነት ነው። በሩ ግን ማንኳኳት ለሚያውቅ ለሌላም ይከፈታል። የቡናችን ስም ጉዳይ ሲነሣ አንቺ ገና ልጅ ነበርሽ፤ አባባ ሬዲዮኑን ጆሮው ላይ ለጥፎ የሚሰማበት ጊዜ።

ስታርባክስ በ2004 አሜሪካ ውስጥ አንድ ስም ለማስመዝገብ አመለከተ። "ሽርክና ሰን ድራይድ ሲዳሞ" የሚል። አዎ፣ የኛው ሽርክና! አማርኛ ተውሰው፣ ሽርክና ብለው፣ ለብቻ ባለቤትነት ማመልከት። በመጋቢት 2005 የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት ሐረርን፣ ሲዳሞንና ይርጋጨፌን በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ እዚያው ቢሮ ሲያመለክት ሲዳሞ ላይ ወረፋው ተይዞ አገኘው። ተመልከቺ እንግዲህ፤ ሺህ ጊዜ የኛ ነው ብትይ መዝገቡ የሚያየው ማን ቀድሞ እንደመጣ ነው።

የአሜሪካ ብሔራዊ ቡና ማኅበርም ተነሣና ስሞቹ የወል ስም ናቸው አለ። ሐረር ማለት የቡና ዓይነት ነው፣ ማንም የሚጠራው ነው እንጂ የማንም ንብረት አይደለም የሚል ክርክር። ይህ ክርክር ቀላል እንዳይመስልሽ፤ ለአንቺም ይመጣል። "ሽሮ" የሚለውን ቃል ብቻውን ልታስመዘግቢ ብትሞክሪ ልክ እንደዚያ ነው የሚመልሱሽ፣ ደግሞም እውነታቸውን ነው። ሽሮ የማንም አይደለም። የአያታችን ስም ግን የአያታችን ነው።

ስታርባክስ በበኩሉ ምክር ቢጤ ሰጠ፤ የንግድ ምልክቱን ትታችሁ የቦታ መለያ ማረጋገጫ ብታወጡ ይሻላችኋል አለ። በፈረንሳይ ወይን መንገድ ማለቱ ነው። ሲሰሙት ደስ ይላል። የጽሕፈት ቤቱ ዋና ዳይሬክተር የነበሩት ጌታቸው መንግሥቴ መልሳቸው ያኔም ገርሞኝ ነበር፣ ዛሬም ይገርመኛል። ቡናችን የሚበቅለው አራት ሚሊዮን በሚሆኑ ትናንሽ ማሳዎች ላይ ነው፤ ያንን ሁሉ እየዞረ "ይህ እውነተኛ ነው" የሚል ማረጋገጫ ማን ይሰጣል? ወጪውን የሚሸከመውስ ማን ነው? ገበሬው! ስለዚህ የስሙ ባለቤት መንግሥት ይሁን፤ የሚሸጠው ሁሉ ፈቃድ ይውሰድ፣ ሲጀመርም ያለ ክፍያ ይሁን አሉ። ገንዘቡን ከፈቃዱ ለመሰብሰብ አልፈለጉም። የፈለጉት ዋጋ ሲነገር እጃቸው ላይ የሚይዙት ነገር ነው። ሽርክና የተባለው ቡና ፓውንዱ እስከ 26 ዶላር ሲሸጥ አብቃዩ የሚያገኘው ስንት እንደሆነ አስቢው።

በነሐሴ 2006 ይርጋጨፌ ተመዘገበ። ሲዳሞ በዚያው ወር ተከለከለ፤ ሐረር ከዚያ በፊት ተከልክሎ ነበር። ስታርባክስ ግን በዚያው ክረምት የራሱን ማመልከቻ ትቶ ወጣ። ከዚያ ኦክስፋም የሚባለው የእርዳታ ድርጅት ዘመቻ ከፈተ፤ ከ90,000 በላይ ሰው ለኩባንያው ጻፈ፣ ደወለ። ቡና የሚጠጣ ሰው ኅሊናው ሲቆረቁረው ኩባንያ ይሰማል። በሰኔ 2007 ስምምነት ተፈረመ፤ ሲዳሞም በዓመቱ መዝገብ ውስጥ ገባ። ጃፓን ውስጥ ደግሞ የቡና ማኅበራቸው ስሞቹ እንዲሰረዙ ጠይቆ ፍርድ ቤት እስከ 2010 ያከራከረ ሌላ ታሪክ አለ፤ እሱን ሌላ ቀን።

ታዲያ ከዚህ ታሪክ የጋዜጣውን ጭብጨባ ትተሽ አሠራሩን ውሰጂ። "ቡና የኛ ነው፣ እናት አገሩ እዚህ ነው" ብሎ ማልቀስ ብቻውን የትም አላደረሰም ነበር። እዚያው ሄደው፣ እዚያው ባለው ሕግ፣ በዋሽንግተን ጠበቃ፣ በቀን በተቆረጠ ማመልከቻ ነው የገቡት። ገበሬው ኪስ ምን ገባ ካልሽኝ ብዙ የሚያከራክር ነው፤ እኔ በበኩሌ የስም ባለቤትነትና የገበሬ ዋጋ ሁለት የተለያዩ ትግሎች ናቸው ባይ ነኝ። አንደኛው ሲሸነፍ ግን ሁለተኛው አይጀመርም።

እግረ መንገዴን፣ ከረጢትሽ ጀርባ ላይ "ይርጋጨፌ" ብለሽ በትልቁ ጽፈሻል። ስሙ የመንግሥት መሆኑን ረሳሽው? ፈቃዱን ሳትጠይቂ አትሂጂ። የገዛ አገርሽን ስም በመጠቀም የገዛ አገርሽ እንድትከስሽ አልፈልግም። ሲዳሞ ብለሽ የጻፍሽውንም እይው። መዝገቡ ላይ ያለው የድሮው የክፍለ ሀገር ስም ነው፤ ቡናውን የሚያበቅሉት ሰዎች ግን ሲዳማ ነን ይላሉ፣ ከ2020 ጀምሮም ክልላቸው በዚያው ስም ቆሟል። አየሽ፣ ወረቀት አንዴ ከተጻፈ ሰው ቢቀየርም እሱ አይቀየርም።

የጤፉንም ልንገርሽ፣ ሽሮው ሲሳካልሽ የጤፍ ዱቄት እልካለሁ ማለትሽ አይቀርምና። በ2005 አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ከኢትዮጵያ ጋር ጤፍ ላይ ለመሥራት ተስማማ፤ ጥቅሙን ሊያካፍል። በ2007 የአውሮፓ ፓተንት ቢሮ ስለ ጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ፓተንት ሰጠው። የእማዬ ወፍጮ ቤት ውስጥ ምን ያህል አዲስ ፈጠራ እንዳለ እግዜር ይወቅ! በ2009 ኩባንያው ከሰረ። ስምምነቱ ከኩባንያው ጋር አፈር ገባ፤ ፓተንቱ ግን በሌላ እጅ ኖረ። ያንን ፓተንት የጣለው የኛ መንግሥት መሰለሽ? ሁለት የኔዘርላንድ ድርጅቶች እርስ በርስ ተካሰው በኅዳር 2018 የሄግ ፍርድ ቤት "ይህ ፈጠራ አይባልም" አለ። እኛ ዜናውን ሰምተን እልል አልን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ከዚህ የምትወስጂው አንድ ነገር ነው፤ ውል የሚያዋዋልሽ ድርጅት ነገ ቢከስር መብቱ ወዴት እንደሚሄድ ውሉ ውስጥ ይጻፍ። "ቢከስር፣ ቢሸጥ፣ ብንጣላ ስሙ ወደኔ ይመለሳል" የምትል አንዲት መስመር። ደስ የማትል መስመር ናት፤ ሰርግ ላይ ስለ ፍቺ እንደማውራት። ጻፊያት።

ደግሞ ይህን ሁሉ ስልሽ ሕጉን እንድታመልኪው አይደለም። በታኅሣሥ 2008 ከሕንድ ወደ ብራዚል የሚሄድ የደም ግፊት መድኃኒት በአምስተርዳም አውሮፕላን ማረፊያ ሲያልፍ የኔዘርላንድ ጉምሩክ ያዘው። ሕንድ ውስጥ ሕጋዊ ነው፤ ብራዚል ውስጥም ሕጋዊ ነው። ፓተንት የነበረው ባለፈበት አገር ብቻ ነው። ትሪፕስ በመተላለፊያ ላይ ያለን ዕቃ በፓተንት ያዙ ብሎ አያስገድድም፤ እነሱ ግን ከተጻፈው አልፈው ሄዱ። መድኃኒቱ ወደ ሕንድ ተመለሰ። ሁለቱ አገሮች በ2010 ነገሩን ዓለም ንግድ ድርጅት ድረስ ወሰዱት። አባባ የሚውጣት ኪኒን የሕንድ መሆኗን ስታስቢ ነገሩ የሩቅ አይመስልሽም።

ሌላው ጫፍም አለ፤ ይህችን ሳስብ ብቻዬን እስቃለሁ። አንቲጓና ባርቡዳ የምትባል፣ ሕዝቧ መቶ ሺህ የማይሞላ የካሪቢያን ደሴታማ አገር እዚያው የዓለም ንግድ ድርጅት ዘንድ አሜሪካን ከሰሰች። በኢንተርኔት የምታጫውተውን ቁማር ዘግታብኛለች ብላ። ረታች። ግን ትንሽ አገር በትልቅ አገር ዕቃ ላይ ቀረጥ ብትጥል የምትጎዳው ራሷን ነው። ስለዚህ ምን ተፈቀደላት? በዓመት እስከ 21 ሚሊዮን ዶላር ድረስ የአሜሪካን አእምሯዊ ንብረት መብት እንዳትጠብቅ! የግልግል ዳኞቹ በ2007 ወሰኑ፣ ድርጅቱ በ2013 ፈቀደ። ንግድንና የስም መብትን በአንድ ገመድ ያሰሩት እነሱ ናቸው፤ ገመዱ ደግሞ በሁለቱም በኩል ይጎትታል።

አንቺስ? ዞር በይና የራስሽን ነገር እይ። ሌብሉ ላይ ያለችው የጀበና ሥዕል ከየት መጣች? ከኢንተርኔት። የሠራት ማን ነው? አታውቂም። ቲክቶክ ላይ የለቀቅሽው ማስታወቂያ ላይ ያለው ዘፈንስ? ዘፋኙን አስፈቅደሽዋል? እንዲህ ዓይን ዓይኔን አትዪኝ፤ ሽሮ ሜዳ ላይ የጥለት ዲዛይናችን በማሽን ታትሞ ከውጭ ሲመጣ አብረን የተቆጣን እኮ ነን። ሁለት ስለት ያለው ሰይፍ ነው ይሄ። ሥዕሏን የምትስል ልጅ ፈልጊ፤ ክፈያት፤ መብቱን ለአንቺ እንዳዛወረች አስፈርሚያት። ገንዘቡን መክፈልሽ ብቻውን ሥዕሏን ያንቺ አያደርጋትም፤ ይሄ ስንቱን ሰው ጉድ እንደሠራው።

እሺ፣ አሁን ወደ ቅጹ። በመጀመሪያ፣ አሜሪካ ውስጥ የማትኖሪ ስለሆነ እዚያ ፈቃድ ያለው ጠበቃ ያስፈልግሻል፤ ከነሐሴ 2019 ጀምሮ ግዴታ ነው። የሜሪላንዱ ሰውዬ ጠበቃ አይደለም። ጠበቃ አውቃለሁ ካለ፣ ያ ጠበቃ የማን ጠበቃ እንደሆነ ጠይቂ፤ ውክልናውን የሰጠሽው፣ ደረሰኙ የሚወጣው በአንቺ ስም ይሁን። ቡናውም፣ ሽሮውም፣ በርበሬውም ምድብ 30 ውስጥ ስለሚገቡ አንድ ማመልከቻ ይበቃሻል። መንግሥት የሚቀበለው ከጥር 2025 ጀምሮ ለአንድ ምድብ 350 ዶላር ነው፤ የጠበቃው ለብቻው ነው። ካፌ እከፍታለሁ የምትዪው ምድብ 43 ነው፣ እሱን ተዪው፤ ሕልምሽን ሁሉ ዛሬ አታስመዝግቢ፣ በሥራ ላይ ያላዋልሽው ምልክት ይወድቃል። ማመልከቻሽ እንደገባ ደግሞ መንግሥታዊ የሚመስሉ ደብዳቤዎች ይጎርፉልሻል፣ ይህን ያህል ሺህ ዶላር ክፈይ የሚሉ። አብዛኞቹ አጭበርባሪዎች ናቸው። ለጠበቃሽ ሳታሳዪ አንድ ሳንቲም እንዳትልኪ።

ሲመዘገብልሽ አትተኚ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚጨርሰው። ምዝገባውን ወስደሽ አሜሪካ ጉምሩክ ዘንድ ለብቻው ታስመዘግቢዋለሽ፤ ለአንድ ምድብ 190 ዶላር ነው። ያኔ ነው ወደቡ ላይ ያለው ሰው የአያታችንን ስም ኮምፒውተሩ ላይ የሚያየው። ያኔ አስመስሎ የሠራ ሰው ዕቃ ሲመጣ የሚያዘው የሱ እንጂ ያንቺ አይሆንም። 190 ዶላር! እኔ ለነጭ ከረጢቶቹ ብቻ ከዚያ በላይ ከፍያለሁ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም፤ አጥር ደግሞ ይቺ ናት። ከዚያ በአምስተኛውና በስድስተኛው ዓመት መካከል በሥራ ላይ መሆኑን የሚያሳይ ማረጋገጫ ታስገቢያለሽ፤ ቀጥሎ በየ10 ዓመቱ ታሳድሻለሽ። ስልክሽ ላይ አስታዋሽ አድርጊው፤ እኔ ያኔ መርሳት ጀምሬ ይሆናል።

ዱባይ ያለችው የአክስታችን ልጅ ልትሸጥልሽ ከጠየቀችሽ እዚያም ለብቻው ነው። ዱባይ ያስመዘገብሽው ሪያድ ላይ አይሠራም። ገንዘብ ስለሌለሽ ሁሉንም አንዴ አታስመዘግቢም፤ ዕቃሽ የሚቀጥለው ዓመት የሚደርስበትን አገር ዘንድሮ አስመዝግቢ፣ ይኸው ነው።

ለሜሪላንዱ ሰውዬ ነገ ደውዪለት። ሌባ ነህ አትበዪው፤ ምናልባት የልቡን ነው የነገረሽ። "ጋሼ፣ ስለ ቅንነትህ እግዜር ይስጥልኝ። ምልክቱ ግን በእኔ ስም ይገባል፤ አንተ በፈቃድ ትጠቀማለህ፤ ሥራችን ሲያበቃ ፈቃዱም ያበቃል" በዪው። ይህንን ደግሞ ጨምሪለት፤ እዚያ አገር ባለቤት ያልሆነ ሰው ባለቤት ነኝ ብሎ ያስገባው ማመልከቻ ከመነሻው እንዳልነበረ ይቆጠራል። በሱ ስም ብታስገቡት ወይ ስሙ የሱ ይሆናል፣ ወይ ወረቀቱ የማንም አይሆንም። ደህና ሰው ከሆነ ይገባዋል። ከተቆጣ ግን በ350 ዶላር ያወቅሽው ሰው ነው፤ እኔ በአንድ ኮንቴይነር ነው ያወቅሁት።

በይ አጥፊውና የራስሽን ስም ጻፊ። እንደ ፓስፖርትሽ። አሁን የአያታችን ስም። ይኸው! ከረጢቱ ላይ በሁለት "ኤስ" ነው፣ ኢንቮይሱ ላይ በአንድ፣ ኢንስታግራምሽ ላይ ደግሞ ጭራሽ በ"ዜድ"። መንግሥት እንኳ ሐረርን በአንድ "አር"ም በሁለት "አር"ም አድርጎ ነው ያመለከተው፤ አንቺ ግን ለሦስቱም የምትከፍዪው የለሽም። እማዬን ጥሪያት እስቲ፤ አያታችን ባንክ ስትፈርም በላቲን እንዴት ትጽፈው እንደነበር ታስታውስ ይሆናል።